ክዳን ያለው ዘንቢል

የማወራላችሁ ከተማ ስም አለው። ስሙን የማልነግራችሁ ረስቼው ሳይሆን እናንተንም ስለማላምናችሁ ነው። አትቀየሙኝ፤ እኔ የገዛ እናቴን እንኳ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር የማምናት። ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚሁ ጠባዬ ነው።

በከተማችን ሰው ከገበያ ሲመለስ የገዛውን ሁሉ ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል ይይዛል። ቤቱ ሲደርስ ፌስታሉን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅልና ጎረቤት እስኪያይለት ድረስ ይተወዋል። ሁለት ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ሳሙና። ይህ «ማሳየት» ይባላል። ያሳየ ሰው ሐቀኛ ነው። ያላሳየ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ምን እንደደበቀ እስኪታወቅም የቤቱ መዝጊያ ይነቀላል። መዝጊያ የሌለው ቤት ምንም ሊደብቅ አይችልም። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ነው።

አንዱ በሌላው ፌስታል እንዳይኮራ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቋጠሮ አለው። አንዱ ሁለቴ ጠምዝዞ ወደ ግራ ይስባል። ሌላው በቀይ ክር ያስራል። ባለቤቴ አሰገደች የፌስታሉን አፍ ሦስት ቦታ ከፍላ እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች። ቋጠሮ የሚፈታ ሰው የለም፤ ፌስታሉ ከሥሩ ይቀደዳል፣ ዕቃው ይወጣል፣ የቀረው ከነቋጠሮው ይጣላል።

የተጣለው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወንዛችን ድሮ ድምፅ ነበረው ይላሉ ሽማግሌዎች። እኔ አልሰማሁትም፤ ስለዚህ አላመንኩም። አሁን ላዩ ነጭ ነው፤ ዶሮ እየተራመደች ስትሻገረው በዓይኔ አይቻለሁ። ላሞች ዳር ዳሩን ይግጣሉ፤ አንዳንዷም ሆዷ ይነፋና ትሞታለች። ያኔ ሆድ ከፋቹ ጋሽ ድንበሩ ይጠራሉ። ላሟን ከፍተው ፌስታሉን ያወጣሉ፣ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፣ መልሰው ለገበያ ያወጡታል። ከላም ሆድ የወጣ ፌስታል ይለሰልሳል እየተባለ እንዲያውም ይመረጣል።

እኔ ፈንታሁን እባላለሁ፤ ሥራዬ ተመልካችነት ነው። የሦስት መቶ አርባ ቤት ቋጠሮ በቃሌ አውቃለሁ። ማን ምን እንደሰቀለ እመዘግባለሁ። አንድ የበግ እግር አለ፤ በአንድ የበዓል ሳምንት በዘጠኝ በር ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ሕጉ አሳዩ ይላል እንጂ ብሉ ስለማይል ዘጠኙንም ቤት «ሥጋ ገዝተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነው። የግልጽነት ሹሙ ሹም ጓንጉል አስጠሩኝ። የቢሯቸው በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ተራ በተራ ተከፍተውልኝ ገባሁ።

«ይመኙሻልን ታውቃታለህ?»

«አውቃቸዋለሁ ጌታዬ። ከላይ ሰፈር፣ የጋሽ ስሜነህ ባለቤት። ቋጠሯቸው በቀይ ክር ነው።»

«ክሩ ቀርቷል» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚስማሯ ባዶ ነው። ገበያ የምትወጣው ክዳን ያለው ዘንቢል ይዛ ነው። ክዳን፣ ፈንታሁን። ለምን ሲሏት ‹ለእግዚአብሔር ብዬ ነው› አለች።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ምንድን ነው? እኔም ለእግዚአብሔር ብዬ ብዙ ነገር አደርጋለሁ። ሰው ሳያየኝ ግን አድርጌ አላውቅም።» ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ። «ከዚህ ምክንያት ጀርባ ሌላ ምክንያት አለ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ምክንያቷን አምጣልኝ። ካጣህ መዝጊያዋን አምጣልኝ።»

ሥራውን ሲሰጡኝ ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ክዳን ያለው ነገር ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

የወይዘሮ ይመኙሻል ቤት ነፋስ ከሸለቆው ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት ነው። ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ትይዩ ባለው አልጋ ላይ ጋሽ ስሜነህ ተኝተዋል። ሳንባቸውን ካመማቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪሙ ብርድ እንዳያገኛቸው ብሏል። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋውን የሚያዞሩበት ሌላ ቦታ የለም። ይህንንም ጻፍኩ፤ ምን እንደሚጠቅመኝ ግን ያኔ አላወቅኩም።

«እትዬ፣ ዘንቢሉ ውስጥ ምን አለ?»

«ሽንኩርት።»

«ከሽንኩርቱ ሥርስ?»

«ሌላ ሽንኩርት ነዋ፣ ልጄ።»

አንድ በአንድ አወጣሁት። አሥራ አራት ራስ ሽንኩርት ነው። የዘንቢሉን ሥር ዳበስኩ፤ ሰሌን ብቻ ነው። ክዳኑንም ገልብጬ አየሁት። ወይዘሮዋ እጃቸውን አጣጥፈው ይመለከቱኛል፤ አልተቆጡም። ንጹሕ ሰው ሲፈተሽ ይቆጣል። አለመቆጣታቸውን አስምሬ ጻፍኩት።

«ለሽንኩርት ክዳን ምን ያደርጋል?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው።»

«እና ፌስታሉን ለምን ተዉት?»

«ነገርኳችሁ እኮ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። የሰጠን ምድር የሱ ናት፤ እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ የሰው ቤት አያቆሽሽም።»

ጋሽ ስሜነህ ከአልጋቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። «ፈንታሁን፣ አትድከም» አሉኝ ሳሉ ሲለቃቸው። «እኔም አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ከዚህ የተለየ አልነገረችኝም።»

አርባ ዓመት ያልተነገረ ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ተከታተልኳቸው። ባየሁ ቁጥር የማላየው ነገር እየበዛ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን የሚፍቁት በወይራ መፋቂያ ነው፤ የፕላስቲኩን ብሩሽ ትተዋል። ከመፋቂያ ጋር ምን ይደበቃል ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩ። ቅቤ ሲገዙ በኮባ ቅጠል ያስጠቀልላሉ። ዘይት ቤት ባዶ የመስታወት ጠርሙስ ይዘው ሄደው ያስቀዳሉ። ሕዝቡ ሁሉ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲቀዳ እሳቸው ቅል ያቀርባሉ። ማኅበር ላይ ለሁሉም በሚጣል ኩባያ ጠላ ሲታደል ከነጠላቸው ሥር የገዛ ጣሳቸውን አውጥተው ዘረጉ። «መርዝ የሚፈራ ሰው መርዝ ያውቃል» ብዬ መዘገብኩ። ደብተሬ ሞላ፤ ሁለተኛ ደብተር ያዝኩ።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ሚካኤልም ሄጄ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ብቻቸውን ይጠርጋሉ።

«አባ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ምን ነግረውዎት ነው?»

«ረስቼዋለሁ» አሉ መጥረጊያቸውን ሳያቆሙ።

«አንድም ነገር አያስታውሱም?»

«ልጄ፣ ያንተ ሥራ ማስታወስ ነው። የኔ ሥራ ደግሞ መርሳት ነው። እግርህን አንሳልኝ፣ እዚያ ጋ አልጠረግኩም።»

እግሬን አነሳሁላቸው። የሚረሳ ነገር ከሌለ መርሳት አይኖርም፤ ስለዚህ የተናዘዙት ነገር አለ። ወደ ቤት ስመለስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሰገደች ምን አገኘህ ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ።

እውነተኛውን ነገር ያገኘሁት በግንቦት መጨረሻ ነው። ወይዘሮ ይመኙሻል ገበያ ለመውረድ አጭሩን መንገድ አይሄዱም። ዘንቢላቸውን ተሸክመው በታችኛው ሰፈር ዞረው ነው የሚወርዱት። በአጭሩ መንገድ ላይ ያለው የደብሪቱ ቤት ብቻ ነው።

ደብሪቱ ስለ ክዳኑ መጀመሪያ የጠቆመች ሴት ናት። በፊት ወተት ትሸጥ ነበር፤ ጥር ላይ ብቸኛ ላሟ ሆዷ ተነፍቶ ሞተችባትና አሁን ንፍሮ ትሸጣለች። ምላሷ ስለት ነው፤ ላሟ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ባሰባት።

ወዲያው ወደ ሆድ ከፋቹ ሮጥኩ። ጋሽ ድንበሩ ግቢያቸው ውስጥ ሽቦ ወጥረው የታጠበ ፌስታል ያሰጣሉ። የእያንዳንዷን ላም ለይተው ነው የሚያስቀምጡት፤ በሥራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው።

«የደብሪቱ ላም» አልኳቸው።

«አሥራ አንድ ነው የወጣላት። ያቺ ምስኪን። ቋጠሮ ስለበዛው ገዢ አላገኘሁለትም፤ ይኸው።»

በሲባጎ ተሰክቶ የተንጠለጠለውን አወረዱልኝ። ከላይ ሦስተኛው ላይ ቀይ ክር አለ። ልቤ እንዴት እንደመታ አልነግራችሁም። ቀይ ክር፣ የወይዘሮ ይመኙሻል ክር። የደብሪቱን ላም የገደለው የሳቸው ፌስታል ነው፤ ዝም ብለው አራት ወር ኖሩ። በክዳኑ ሥር የነበረው ይህ ነው። የቀሩትን አሥር አላየኋቸውም። የታዘዝኩት የሳቸውን ምክንያት እንዳመጣ ነው፤ አገኘሁት፤ አሥራ አንዱንም ከነሲባጎው ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

ሸንጎው በሰኔ መግቢያ ተሰበሰበ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ በመስኮት ይመለከታል። አሰገደች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ይመኙሻል ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ቆሙ። ሹም ጓንጉል የሕጉን ቃል አነበቡ፤ ምክንያቱ ዛሬ ካልተገለጠ መዝጊያው ይነቀላል።

«ከእግዚአብሔር በስተጀርባ ያለውን ምክንያት ትናገሪያለሽ?» አሏቸው።

መልሳቸውን ሳልጠብቅ እኔ ተነሳሁ፤ ፌስታሎቹን ከብብቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ወይዘሮ ይመኙሻል ቀይ ክሩን አዩት። ወደ ሹሙ ሳይሆን ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«ደብሪቱ» አሉ። «ጥር ላይ ላምሽ ስትከፈት ከቆሙት መሀል ነበርኩ። ክሬን አየሁት። ቤቴ ገብቼ ለስሜነህ እንኳ መናገር አቃተኝ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ መቶ ስግደት ስጡኝ አልኳቸው። ‹ስገጂ፤ ግን ነገም ፌስታሉን አንጠልጥለሽ ከመጣሽ ስግደቱ ለማን ነው?› አሉኝ። ላሟም ወንዙም የሱ ፍጥረት ነው። የሱን እየገደልኩ ማረኝ ማለት አሳፈረኝ። ዘንቢል መያዝ አልከበደኝም። ቅል ማንሳት፣ ጠርሙስ ይዞ መሄድ አልከበደኝም፤ ይሄ ምን አለው? የከበደኝ አንቺን ቀና ብሎ ማየት ነው። እሱን አልቻልኩም። የደበቅኩት ይህንን ነው።»

ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ልቀመጥ ስል ደብሪቱ ተነሳች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የቀሩት አሥሩስ የማን ናቸው?» አለች በቀስታ።

ሹሙ ይህ ከጉዳዩ ውጪ ነው አሏት። «ላሟ የኔ ናት» አለች። «አንብብልኝ ፈንታሁን። አንተ ሁሉንም ታውቃለህ ይላሉ።»

ቋጠሮ ማንበብ ኩራቴ ነው። እምቢ ማለት አልችልም ነበር። የመጀመሪያውን አነሳሁ፤ የዳቦ ሻጯ የወይዘሮ ብርነሽ ነው። ሁለተኛው የልብስ ሰፊው። ከቀይ ክሩ ቀጥሎ ያለውን አነሳሁና ወደ ግራ ሁለቴ የተጠመዘዘውን አየሁ። ቀና አልኩ።

«ይህ የአንቺ ነው» አልኳት።

«የኔ?»

«የአንቺ ነው ደብሪቱ። ግራ፣ ሁለቴ።»

ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላነሳትም። እኔም ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ማንበቤን ቀጠልኩ። አንዱ የሹም ጓንጉል ቤት ነበር። ሳነበው ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቀጥል» አሉኝ። ቀጠልኩ። በመጨረሻ አንድ ቀረ።

ሳልነካው አውቄዋለሁ። ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። የላም ሆድ ውስጥ ከርሞም አልተፈታም፤ አሰገደች ስትቋጥር አጥብቃ ነው። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«ይህ ተበልቶ አልቋል» አልኩ። «አይለይም።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያየሁትን አላየሁም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አሰገደች ፊቴን እያየች ነበር። አልተናደደችም። ባትናደድ ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን አላጽናናኝም።

ሹሙ ከሁለት አማካሪዎቻቸው ጋር ተንሾካሾኩና ውሳኔ አሰሙ። ከዛሬ ጀምሮ ፌስታል መቋጠር ክልክል ነው፤ ቋጠሮ የሰውን ገመና ያጋልጣል። ፌስታሉ ግን እንደ ቀድሞው ይሰቀላል፤ ይጣላልም። ወይዘሮ ይመኙሻልን በተመለከተ፣ የደበቁትን መግለጣቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከሚፈለገው በላይ ስለገለጡና የሌሎችንም ስላስገለጡ መዝጊያቸው ይነቀላል።

ይህ ሕግ ውስጥ የለም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

በማግስቱ ካቻቢቴና መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ወይዘሮዋ ለባላቸው ሁለተኛ ጋቢ እየደረቡላቸው ነበር። ማጠፊያዎቹን ፈታሁ። «እሰይ» አሉ ጋሽ ስሜነህ፣ «ያ ማጠፊያ እየጮኸ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፤ ገላገልከኝ።» ከዚያ ነፋሱ ገባና ሳሉ ያዛቸው። መዝጊያውን በራሴ ተሸክሜ ወደ ሹሙ ግቢ ስወርድ ሳሉ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳልፍ በወይዘሮ ይመኙሻል መቃን ላይ ሌላ መዝጊያ ተገጥሟል። አወቅኩት፤ የደብሪቱ ነው። ወደ ቤቷ ሄድኩ። ያለ በር ቁጭ ብላ ባቄላ ትለቅማለች።

«ለምን ሰጠሻቸው?»

«ላሜን አብረን ነው የገደልናት» አለች ቀና ሳትል። «እሷ ብቻዋን ለምን ይበርዳት?»

«ከዚህ ጀርባ ሌላ ምክንያት የለም?»

«አለ» አለች። «አንተን ማየት ሰለቸኝ። እሱንም ጻፈው።»

ለሹሙ ነገርኳቸው። የተገጠመውንም ንቀል አሉኝ፤ ነቀልኩ። በማግስቱ የዳቦ ሻጯ መዝጊያ ተገጥሞ አገኘሁ። ነቀልኩ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊው መጣ። ምክንያቱን ጠየቅኩት፤ የኔ በር ከብርነሽ በር እንደሚሻል ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው አለኝ። እንዲህ ያለውን ምክንያት ማመን ለኔ ይቀለኛል፤ ግን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንዷ ደግሞ ሌሊቱን ጸልዬ ነው የመጣሁት አለችኝ፤ ሌላው የሚስቴ ሐሳብ ነው አለ። ስማቸው ከተነበበው ውስጥ ሁለቱ ቋጠሮው የኛ አይደለም ብለው ማሉ፤ በራቸውንም ቆለፉ። የሹሙ በር ከነሦስት ቁልፉ በቦታው አለ።

በሹሙ ግቢ ሰባት መዝጊያ ተደረደረ። ስድስት ቤት በሩን ሰጥቶ ክፍቱን ቀረ። እኔ ተመልካች ነኝና ሳልፍ ወደ ውስጥ አያለሁ። ግድግዳ ላይ ዘንቢል ተሰቅሏል። መደርደሪያ ላይ የዘይት መስታወት ጠርሙስ ቆሟል፤ አንዱ ጋ ቅል፣ አንዱ ጋ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ምስር። በዚያ ሳምንት ስለ አንዱም አልጻፍኩም። ደብተሬ ባዶ ሲሆን የሚጠረጠረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቢሮው አንድ ተመልካች በየመንገዱ ከኋላዬ ሲሄድ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰባተኛውን መዝጊያ ነቀልኩ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘ። ጋሽ ስሜነህ እንደ ሌላው ቀን ቀልድ አልተናገሩም፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወይዘሮ ይመኙሻል ጋቢ ወጥረው መቃኑ ላይ ሊቸነክሩ ይታገላሉ። ነፋሱ ከአንድ ወገን ይነቅልባቸዋል፤ እንደገና ይቸነክራሉ።

«ነገ የማን ይመጣል?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ማንም አልቀረም ልጄ» አሉ ሚስማሩን ከከንፈራቸው እያወጡ። «ከተነበበው ሁሉ መስጠት የፈለገ ሰጥቷል። የመጨረሻው አይለይም ተብሏል።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። ያውቁ እንደሆነ ጠረጠርኩ፤ ሰው ፊት ላይ ማንበብ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ከሳቸው ፊት ምንም ማንበብ አቃተኝ። መዝጊያውን ተሸክሜ ወጣሁ። ለሹሙ አስረከብኩ። ፈረምኩ። እየዘነበብኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከቤቴ ደጅ ስደርስ አሰገደች ተንበርክካ አገኘኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቀሚሷ ጭቃ ነክቶ፣ የመሣሪያ ሳጥኔን አጠገቧ ከፍታ አስቀምጣለች። መዝጊያችን በአንድ ወገን ወደ ታች ዘሟል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የታችኛውን ማጠፊያ ፈትቼዋለሁ» አለች። «ላይኛው ጋ መድረስ አቃተኝ።»

ከልማድ የተነሳ «ምክንያትሽ ምንድን ነው?» አልኳት። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ብመልሰው በወደድኩ ነበር።

አሰገደች ተነሳች። ከጉልበቷ ላይ ጭቃውን አራገፈች። «የቋጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አይለይም ያልከው አንተ ነህ። ከቤታችን ሌላ ሰው የለም ፈንታሁን፤ ሌላ ማንን ልጠርጥር?»

ካቻቢቴውን ዘረጋችልኝ። ነገ ጠዋት ይህንኑ መዝጊያ ከወይዘሮ ይመኙሻል መቃን እንድነቅል እንደምታዘዝ ሁለታችንም እናውቃለን። እምቢ ብል ደግሞ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። መንገዱ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር፣ ያ ከኋላዬ የሚሄደው ተመልካች ደብተሩን ከዝናብ በነጠላው ሸፍኖ ቆሟል።

ካቻቢቴውን ተቀበልኳት። የላይኛው ማጠፊያ ዝጎ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ አሰገደች እጇን በእጄ ላይ ደረበችና አብረን አዞርነው።